የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን በሸክላ ለመሰብሰብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን ከዘማች ጉሮሮ ተቀብሎ በቴነር ሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወልዶ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀመረ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አለፈ፤ በ2006 ከሆላንዱ የሙዚቃ ቡድን ዘ ኤክስ ጋር አልበም ሠራ፤ በ2016 አረፈ። ይህን ረጅም መንገድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጥራዝ የሚያሰማ ሸክላ ለማሳተም ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።

ያሰብነው ባለ 12 ኢንች ሁለት ሸክላ፣ 500 ቅጂ ነው። በየገጹ ከ18 ደቂቃ በላይ አንጭንም። 25 ደቂቃ ማስገባት ይቻላል፤ ግን የመርፌው ቦይ ይጠብና ሙዚቃው ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ያኔ የሸክላው ሹክሹክታ የሳክስፎኑን ትንፋሽ ይውጠዋል። መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ደግሞ ቀጭን ድምፅ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሽለላው በየገጹ መጀመሪያ፣ ዝግ ያለው ትዝታ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚወስደው ከድሮ ሸክላዎች የሚቀዳው ድምፅ ጽዳት ነው። ጭረት የሚያጠፋ ፕሮግራም አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማስኬድ ርካሽ ነው፤ ለጌታቸው ግን አይሆንም። ትንፋሹን፣ የሪዱን (አፍ መያዣው ላይ የሚርገበገበውን ስስ ሸምበቆ) ጩኸትና ጉሮሮው ውስጥ የሚያጓራውን ድምፅ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ያነሳዋል፤ የሚቀረው ለስላሳና የማንም ያልሆነ ሳክስፎን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭረት በጆሮ ተለይቶ በእጅ ይነሳል። ለዚህም ከአንድ ሸክላ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ያስፈልገናል፤ አንዱ መግቢያው ላይ ቢጫር ሌላው እዚያ ቦታ ደህና ሊሆን ይችላል።

ሌላው ችግር የመሐሉ ቀዳዳ ነው። ጥቂት ፈቀቅ ካለ ድምፁ ይዋዥቃል፤ ጌታቸው ደግሞ ሆን ብሎ ድምፁን የሚያርገበግብ ተጫዋች ስለሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። መለያው ጊዜው ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር ሸክላ ላይ የቀዳዳው መዋዠቅ በየ1.3 ሰከንዱ ሳያዛንፍ ይመለሳል፤ የሰው ትንፋሽ እንዲያ አይመላለስም። የመጀመሪያውን እናቀናለን፣ ሁለተኛውን አንነካም።

ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይወጣል። በመጀመሪያ የቤተሰቡና የመብት ባለቤቶች ፈቃድ በጽሑፍ ይፈረማል፤ ካልተፈረመ የተሰበሰበው ለሰጪዎቹ ይመለሳል። ቀጥሎ ቅጂና ጽዳት፣ ከዚያ የላከር ቀረጻ (ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጽበት ለስላሳ ሽፋን ያለው ዲስክ) እና ቅጂዎቹ የሚታተሙበት የኒኬል ቅርጽ ይከተላሉ። አምስት የሙከራ ቅጂ በተለያዩ ማጫወቻዎች ሳይሰማ ዋናው ኅትመት አይጀመርም፤ እዚያ ደረጃ ላይ ያመለጠ ስህተት 500 ጊዜ ይባዛልና። የምትሰጡት ስጦታ እንጂ የሸክላ ቅድመ ክፍያ አይደለም፤ የ100 ብርም የ10,000 ብርም ደረሰኝ አለው።

ገንዘብ የሌለው ሸክላ ያውሰን። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ጌታቸው የተጫወተበት ሸክላ ካላችሁ፣ ልባሱ የተቀደደም ቢሆን እንፈልገዋለን፤ ስያሜው ላይ ያለው ቁጥር ራሱ መረጃ ነው። በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ውኃው ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ቦዩ ውስጥ ይጋገራል። ባረጀ መርፌም አትሞክሩት። ሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርጋችሁ፣ አቁማችሁ ላኩት፤ በተለይ ፀሐይ በሚመታው የመኪና መቀመጫ ላይ አታሳድሩት፣ ከጎበጠ በቀላሉ አይቃናም።