ልጄ፣ መጀመሪያ ቅጹን ተመልከቺ

ውድ ልጄ፣

ከቅኝ ግዛት የወጡ አገሮች ሕዝቦች በብሔር ለምን እንደሚጋጩ ለማጥናት መወሰንሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። አንድ አደራ ግን አለኝ። «የቆየ የዘር ጥላቻ ነው» ብሎ የሚገላግልሽን ሰው ቶሎ አትመኚው። ተጋብተውና ተጎራብተው የኖሩ ሰዎች የሚጋደሉበትን ምክንያት ስትፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ወረቀት ላይ ነው፤ መታወቂያው፣ የቆጠራው ቅጽ፣ የምርጫ ሕጉ፣ የቅጥር ፈተናው። የብሔር ስም ብቻውን ማንንም አይጎዳም። መሬትና ሥራ የሚታደልበት መስፈርት ሲሆን ነው ሰው የሚያልቅበት።

በድንበር ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፊ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1964 ካይሮ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች በነጻነት ዕለት የነበረው ድንበር ባለበት እንዲጸና ወሰኑ። በእኔ እምነት ልክ ነበሩ፤ መስመሩ እንደገና ቢሰመር አዲሱም ሌላ ሕዝብ ለሁለት መክፈሉ አይቀርም ነበር። ይልቅ በመስመሩ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት እንደተመዘገበ እይ።

ሩዋንዳን ጠጋ ብለሽ መርምሪያት። ብሔር የተጻፈበትን መታወቂያ በ1930ዎቹ ያመጡት ቤልጅጎች ናቸው፤ ነጻ የወጣው መንግሥትም አልተወውም። ካርዱ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ (ሦስቱ የአገሪቱ ሕዝቦች) እና ዜግነት ያገኘ የሚሉ ቃላት ተደርድረው ታትመው ነበር። ጸሐፊው የማይመለከቱሽን በብዕር ይሰርዝ ነበር፤ ሳይሰረዝ የቀረው ያንቺ ነበር፤ ልጅ ደግሞ የአባቱን ይወርስ ነበር። ቀደም ሲል ሀብት ያፈራ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ዕድል ነበረ፤ ካርዱ ያን በር ዘጋው። ሁቱና ቱትሲ ቋንቋቸው አንድ፣ ሰፈራቸውም አንድ ነው። ስለዚህ በ1994 በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ መንገድ ዘግተው የቆሙት ገዳዮች ሰውን የሚለዩት መታወቂያ እየጠየቁ ነበር። ልቤን የሚያደማው ደግሞ ይህ ነው፦ በኦገስት 1993 በመንግሥትና በአማጺያኑ መካከል ታንዛኒያ ውስጥ አሩሻ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የብሔር መግለጫ ከመንግሥት ሰነዶች እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ሳይፈጸም ጭፍጨፋው የጀመረበት ኤፕሪል 1994 ደረሰ። ስምምነት ስታነቢ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን በጀት እንደሚፈጽመው የሚናገር አንቀጽ መኖሩን አረጋግጪ።

እንዲያ ከሆነ ስሙን መደምሰስ ይበቃል እንዳትዪ። ጎረቤቷ ቡሩንዲ በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ስለ ብሔር ማውራትን ነውር አድርጋ ነበር፤ ሠራዊቱ ግን በቁጥር አናሳ በሆኑት በቱትሲዎች፣ በመኮንኖቻቸው እጅ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ የሚመቸው ሥልጣን ለያዘው ነው። በ1993 በምርጫ ያሸነፉትን የመጀመሪያውን ሁቱ ፕሬዝዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬን በጥቂት ወራት ውስጥ የገደሏቸው ወታደሮች ናቸው። ከረጅም ጦርነት በኋላ የወጣው የ2005 ሕገ መንግሥት ነገሩን በግልጽ ቆጠረው፦ በመንግሥት ውስጥ ሁቱ ቢበዛ 60፣ ቱትሲ ቢበዛ 40 በመቶ፤ በሠራዊቱ ግን የትኛውም ወገን ከግማሽ አይበልጥም። ከሁሉ የሚከብደው የሠራዊቱ ድርሻ ነው፤ ጠመንጃው በአንድ ወገን እጅ ከሆነ የፓርላማው ወንበር ዋስትና አይሆንም።

ናይጄሪያ ሌላ መንገድ ሞከረች። ነጻ ስትወጣ የነበሯት ሦስት ትልልቅ ክልሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ትልቅ ሕዝብ የሚመሩ ነበሩ፤ ፉክክሩ ምሥራቁ ክልል ቢያፍራ ተብሎ ሊገነጠል ወደ ተነሣበት፣ ከ1967 እስከ 1970 ወደ ቆየው ጦርነት አደረሰ። በዚያው በ1967 ክልሎቹ 12 ሆኑ፤ ዛሬ 36 ናቸው። የ1979ኙ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፕሬዝዳንት ለመሆን ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻውን አይበቃም አለ፤ ቢያንስ ከክልሎቹ ሁለት ሦስተኛው ውስጥ በእያንዳንዱ ሩብ ድምፅ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ተወዳዳሪው ከወገኖቹ ውጭ ወጥቶ እንዲለምን ያስገድደዋል። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ክልሎች 19 ነበሩ፤ የ19 ሁለት ሦስተኛ 12 ከሁለት ሦስተኛ ነው። በ1979ኙ ምርጫ ብዙ ድምፅ ያገኙት ዕጩ ሼሁ ሻጋሪ በ12 ክልሎች ሩቡን አገኙ፤ በ13ኛው ጎደለባቸው። 12 ይበቃል ወይስ 13 ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ሻጋሪ ጸኑ፤ ቅሬታው ግን አብሯቸው ቀረ። ኬንያ በ2010 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ ካውንቲ የሚባሉት የአስተዳደር ክልሎቿ 47 ነበሩ። «ከግማሽ በላይ በሆኑት» ብላ ስለጻፈች ቁጥሩ 24 መሆኑ አያከራክርም። ቀመር ስታዪ እርሳስ አንስተሽ አስዪው።

የናይጄሪያ ትልቁ ቁስል ግን ሌላ ቦታ ነው። የፌዴራል ሥራና ሹመት በየክልሉ ተወላጆች መካከል ይከፋፈላል፤ ተወላጅ መሆንሽን የሚመሰክረው የአካባቢው አስተዳደር የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው የት እንደተወለድሽ ሳይሆን አያቶችሽ ከየት እንደመጡ ነው። እንደ ጆስ ባለ ከተማ ተወልዶ ያረጀ ሰው ወረቀቱን ሊከለከል ይችላል፤ ከዚያ ልጁ ነጻ የትምህርት ዕድልም የመንግሥት ሥራም ያጣል። በ2001 በዚያ ከተማ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ግጭት ሥር ውስጥ ይህ ጥያቄ አለ። ለማመጣጠን የወጣ ሕግ በገዛ አገሩ መጻተኛ የሆነ ዜጋ ፈጠረ።

ስለ ቋንቋ አጭር ልበል። ኢንዶኔዥያ በቁጥር ትልቁ ሕዝብ የሚናገረውን የጃቫ ቋንቋ ትታ የወደብ ነጋዴዎች መግባቢያ የነበረውን ማላይ መረጠች፤ ታንዛኒያም ስዋሂሊን። ማንም የበላይ ስላልሆነበት ማንም አልተከፋም። ስሪላንካ በ1956 የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃላን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ ስታደርግ ግን ለአናሳው የታሚል ሕዝብ ወጣት የመንግሥት ሥራ በር ጠበበ፤ በ1983 በመንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል የተጀመረው ጦርነት እስከ 2009 ቆየ።

እንግዲህ የምታጠኚው አገር ስትደርሺ መሪዎቹን ከማነጋገርሽ በፊት የመንግሥት ሥራ ማመልከቻ ቅጽ ፈልጊ። የትውልድ ቦታ ይጠይቃል ወይስ የአባት ትውልድ ቦታ? ማነው ማኅተም የሚያደርገው? ማኅተሙን የተነፈገ ሰው የት ይግባኝ ይላል? ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ ከሌለ ማስታወሻሽን ከዚያ ጀምሪ።

እናትሽ