ሞፍ የሚሠራውም የሚበላሸውም ቀዳዳው ሲጸዳ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ መሰጠቱ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ፣ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች የተጻፈው በአብዛኛው «ከበረሃ አየር ውሃ ስለሚያወጣው ዱቄት» ነው። ዱቄቱ ሞፍ ይባላል፤ የብረታ ብረት አተሞች በኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት፣ በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ክሪስታል ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም። ዱቄቱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚበላሽ ካልተነገረ ግን ተማሪዎቻችን የፕሮፌሰር ያጊን የምርምር ሕይወት እንደ ተአምር ያዩታል። ሥራው ሊለመድ የሚችል የእጅ ሙያ ነው። (ከዚህ በታች ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የውሃውን ቁጥር እንመልከት። በ2019 የያጊ ቡድን ይፋ ያደረገው መሣሪያ ሞፍ-303 የሚባለውን የአሉሚኒየም ዱቄት ተጠቅሞ፣ 27 ዲግሪ ሙቀትና 32 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ከአንድ ኪሎ ዱቄት በቀን 1.3 ሊትር ውሃ አወጣ። እርጥበቱ እስከ 10 ከመቶ በሚወርድበት በሞሃቪ በረሃ ደግሞ 0.7 ሊትር አወጣ። እንዲህ ካለ ደረቅ አየር ውሃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በቀን 100 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ በበረሃው ስሌት 140 ኪሎ ግድም ዱቄት፣ በዚያ ላይ ማራገቢያና ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

ያጊ በ1965 አማን ውስጥ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ ተወልደው በ15 ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ፤ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በ1990 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አገኙ። ሮብሰን በ1989 መዳብን ከኦርጋኒክ ሞለኪውል ጋር አያይዘው ሰፊ ክፍተት ያለው ክሪስታል አሳይተው ነበር፤ መዋቅሩ ግን ጽኑ አልነበረም። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ በእንዲህ ያለ መዋቅር ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳዩ። ያጊ በ1999 ያወጡት ሞፍ-5 አራት የዚንክ አተሞች በአንድ ኦክሲጅን ዙሪያ የተሰበሰቡበት ሲሆን፣ እነዚህን እርስ በርስ የሚያገናኘው የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራበት ቴሬፍታሊክ አሲድ ነው።

የሞፍ-5 ዋናው ብልሃት ፍጥነትን መግታት ነው። ቤዝ (የአሲዱን ፕሮቶን የሚወስደው ነገር) በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ትስስሩ ቶሎ ይፈጠርና ደቃቅ ዱቄት ይዘቅጣል፤ የተሳሳተውን ቦታ ለማረም ጊዜ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው አሠራር ትራይኢቲልአሚን የሚባለው ቤዝ ቀስ ብሎ ወደ ቅልቅሉ እንዲሰርግ ተደረገ። በኋላ በተለመደው የኦቨን ዘዴ ደግሞ አሟሚው ራሱ በሙቀት ጥቂት በጥቂት እየፈረሰ አሚን ይለቃል፤ አሚኑም የአሲዱን ፕሮቶን በዝግታ ይወስዳል። ውጤቱ ጥርት ያለ ኩብ ክሪስታል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደረጃ ጋዜጦች አያነሱትም፤ ብዙ ናሙና የሚሞተው ግን እዚያ ነው። ክሪስታሉ ሲወለድ ቀዳዳው በአሟሚ የተሞላ ነው። የተለመደው አሟሚ ዲሜቲልፎርማማይድ የሚፈላው በ153 ዲግሪ ስለሆነ በቀጥታ ለማድረቅ ከተሞከረ ፈሳሹ ሲወጣ ግድግዳውን እየሳበ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ለቀናት እየቀያየሩ በክሎሮፎርም መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በቫኩም ማውጣት ያስፈልጋል። ሞፍ-5 ከዚህም ሁሉ አልፎ እርጥበት ካገኘው ይፈርሳል፤ በመዳብ ጨረር በሚሠራ የዱቄት ኤክስሬይ ላይ በ8.9 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ አዲስ ጫፍ ከታየ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ላቦራቶሪ በሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች በ1999 በወጣው የመዳብ ሞፍ መጀመር የሚሻለው። 0.875 ግራም የመዳብ ናይትሬት ትራይሃይድሬት በ12 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 0.42 ግራም ትራይሜሲክ አሲድ በ12 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ለየብቻ ይሟሟሉ። አንድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይማሰሉና ቴፍሎን በተለበጠ፣ ከ40 ሚሊ ሊትር በማያንስ የብረት ዕቃ ተዘግተው በ120 ዲግሪ 12 ሰዓት ይቆያሉ። ዕቃው ከሁለት ሦስተኛ በላይ መሞላት የለበትም፤ ግፊቱ አደገኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝም አይከፈት። ቀይ ቅንጣት ከታየ ሙቀቱ በዝቶ ኢታኖሉ መዳቡን ወደ ኩፕረስ ኦክሳይድ መልሶታል። ነጭ ነገር ከቀረ ያልገባ አሲድ ነውና በሞቀ ኢታኖል ይታጠብ።

የዚህ የመዳብ ሞፍ የገጽ ስፋት (የውስጥ ቀዳዳዎቹ ግድግዳ ጭምር) መጀመሪያ ሲዘገብ በግራም 692 ካሬ ሜትር ነበር። በኋላ በደንብ ታጥቦና ተሟጦ ሲለካ ያው ቁስ ከ1500 በላይ ሰጠ። የጋዝ መለኪያ የሌለው ክፍልም ቢሆን ዓይን አለው፦ ውሃ የያዘው ሰማያዊ ነው፤ በቫኩም ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይቀየራል። በአዲስ አበባ ክረምት ክፍት ከተተወ ሰማያዊው ይመለሳልና ከመለካቱ በፊት እንደገና ይሙቅ፤ ማስቀመጫውም በጥብቅ ይታሸግ፣ ደጋግሞ መርጠብ ክሪስታሉን ይበላዋልና።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
አዲስ አበባ