ዕርፍ ያልጨበጠ ሰባኪ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እሑድ አንድ እንግዳ ሰባኪ «ዘር ዝሩ፣ በሳምንት ውስጥ ታጭዳላችሁ» እያለ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አነበበልን። ምሥራቅ ጎጃም ከአባቴ ኋላ ጅራፍ ይዤ ያደግሁ ነኝና ሳቄ አመለጠኝ (አጠገቤ የነበሩ እናት በክርናቸው ጎሰሙኝ)።

የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ ይታረሳል፤ አባቴ ከአራት ጊዜ በታች አርሰው አያውቁም። ሐምሌ የተዘራው ኅዳር ይታጨዳል። በመሐል ወገብ የሚያጎብጥ አረም አለ። አንድ ቀን አባቴ ዕርፉን (አራሹ የሚጨብጠውን የማረሻ እጀታ) ሰጡኝ። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎችን ዞር ብዬ ሳይ ትልሙ እንደ እባብ ተጥመለመለ፤ ማረሻው የቀኙን በሬ ሰኮና ሊበላው ምንም አልቀረው። ሉቃስ 9፥62 ላይ ጌታ ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ለእግዚአብሔር መንግሥት የሚገባ አይደለም ያለው የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የሕፃናት አስተማሪያችን ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። ክረምት ላይ ዝናቡ ድምፅዋን ይውጠዋል፤ ልጆቹን በጉልበቷ ዙሪያ ሰብስባ ጆሯቸው ሥር ትናገራለች። ጠመኔ የምትገዛው ከኪሷ ነው። ስለ ዘር መድረክ ላይ ወጥታ እንድትናገር ግን እስካሁን የጠራት የለም።

የአራሽ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ