ጣራውና ጋሼ

ጅማ፣ ነሐሴ

አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነሽ?

ሁለት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ለልጅሽ ክርስትና አልመጣሁም፣ ስትደውዪም አላነሳሁም። ስንገናኝ ጆሮዬን ትቆነጥጪኛለሽ። አሁን ግን ስሚኝ፤ ጣራዬ ያፈሳል።

የጅማን ክረምት ለአንቺ አልነግርሽም። መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ቡኒ ክብ ወጣች። ሰኔ ላይ ምጣድ አከለች። አሁን ኮርኒሱ እንደ ዘጠኝ ወር ሆድ ተቆዝሯል። ከሥሩ ባልዲ፣ ሳፋና ያቺ መርካቶ የገዛናት ድስት ተደርድረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጧ፣ ጠብ።

ለአከራዬ አራት ጊዜ ነገርኳቸው። «ኢንሻአላህ፣ ዝናቡ ጋብ ይበል» ይላሉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ጣራው አያፈስም፤ ምን ብዬ ልጨቅጭቃቸው? ክፋቱ ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። አራስ ሳለሁ ከቤታቸው ገንፎ ያልመጣበት ቀን የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ንዴቴ ሲብስ የሐምሌን ኪራይ ያዝኩባቸው። አትሳቂ! ብሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት የምትሠራ ጎረቤቴ ስትሰማ ጮኸችብኝ። «ኪራይ ከያዝሽማ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ!»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በደህና ሁኔታ መያዝ የአከራይ ግዴታ ነው። ጥቃቅኑ ጥገና ወደኛ ሊመጣ ይችላል፤ በእርጅና የተበሳ ቆርቆሮ ግን የእሳቸው ነው። መጀመሪያ ቀን የተቆረጠበት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት፣ ኮፒውን መያዝ፣ ኮርኒሱን ፎቶ ማንሳት። ካልሰሙ ፍርድ ቤት ሄዶ ጥገናውን፣ የኪራይ ቅናሽ ወይም የውል መፍረስ መጠየቅ ይቻላል። «ደግሞ በራስሽ አሠርተሽ ከኪራይ ልቀንስ እንዳትዪ፤ ወይ እሳቸው ይፈርሙ ወይ ዳኛ ይፍቀድ» አለችኝ።

«ውጪ ቢሉኝስ?» አልኳት። አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ዓመት ያነሰ የኪራይ ውል አይፈቅድም፤ ክልል ከተማ ላይ ግን ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው አለች። የኛ ውል ደግሞ አንድ ገጽ ናት። ስለ ግቢ መብራት አራት መስመር፣ ስለ ጣራ አንድም ቃል!

እና... እንዴት ልበልሽ... ማስጠንቀቂያውን አንቺ ጻፊልኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። አንዱ ልመና ሆነ፣ አንዱ ስድብ ሆነ፣ ሦስተኛው ላይ ከኮርኒሱ ጠብ አለበት። ዶርም ውሃ ሲጠፋ የጻፍሽውን ማመልከቻ አልረሳሁም፤ አክብሮ የሚያሳፍር። እንደዚያ አድርጊልኝ። አክብሮቱ አይጉደል፤ ቅዳሜ እነሱ ቤት ቡና እጠጣለሁ። «በ15 ቀን ውስጥ ይጠገን» የሚለው ግን ይግባ።

ኪራዩን ነገ አስገባለሁ፤ ማርያምን። አንቺ ትደውያለሽ ወይስ እኔ? እኔ ልደውል፤ ግን አንሺ።

የድስቷን ግማሽ ዋጋ እስካሁን አልሰጠሁሽም፣ አይደል?