ኮተንን ማን ይጻፍልን? ለድሬዳዋ አስተዳደር የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማዋ ስፖርት ኃላፊዎች

ክቡር ከንቲባ፣

የድሬ ሰው አንቱታ እንደማያበዛ ያውቃሉ። ደብዳቤ ነውና ግን ወጉን ልጠብቅ።

የምጽፍልዎ ስለ ውሃም ስለ መንገድም አይደለም። እሱን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። የእኔ ጉዳይ ኳስ ነው። ያውም ስለ ብርቱካናማዎቹ፣ ስለ አሁኑ ድሬዳዋ ከተማ ክለብ ሳይሆን፣ ከእነሱ በፊት ስለነበረው የፋብሪካ ቡድን፣ ስለ ኮተን።

ዛሬ አንዱን ወጣት ከዚራ ላይ አስቁመው ስለ ኮተን ቢጠይቁት፣ ቶሎ የሚመጣለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። አይፈረድበትም፤ የነገረው የለም። ስታዲየሙ ሄዶ የሚያነበው ነገር የለም። እናም በአጭሩ እኔ ልንገረው፣ እርስዎም ይስሙልኝ።

በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ደጋግሞ በባቡር ሐዲዱ መስመር ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ኮተን ባይወስደው ሌላው የድሬ ቡድን፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ይወስደዋል። አዲስ አበባም አስመራም ጠንካራ ቡድኖች ነበሯቸው። እነሱን አልፎ ዋንጫ የሚያነሳ ክለብ ከአንድ የክፍለ ሀገር ፋብሪካ ግቢ ወጣ። ሉቻኖ ቫሳሎ ለኮተን ተጫውቷል። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ እሱ ነበር። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ሰው የኮተንን ማሊያ የለበሰ ሰው ነው። ይኼ ብቻውን ለአንድ ከተማ ይበቃ ነበር።

ግን ሌላ አለ። ለእኔ ትልቁ እሱ ነው።

የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጥር 1957 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አክራ ተገናኙ። የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ አለ። የማሊው ስታድ ማሊያን አለ። ባለሜዳው ሪያል ሪፐብሊካንስ አለ፤ የንክሩማ መንግሥት ከየክለቡ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ ያቋቋመው ቡድን ነው። አራተኛው ማን ይመስልዎታል? የድሬዳዋ ኮተን። አንዱ ቡድን ከጀርባው መንግሥት አለው፣ ሌላው የጥጥ ፋብሪካ። እንግዲህ ያስቡት።

ኮተን በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ፣ ማሊዎቹን 2 ለ 1 ረትቶ። «ተሸንፎ ለተመለሰ ቡድን ምን ይዘከርለታል?» የሚል ካለ፣ ከአፍሪካ አራት ክለቦች አንዱ የሆነ ቡድን ከዚያ ወዲህ ከድሬ የወጣ እንደሆነ ይንገረኝና ዝም እላለሁ።

ከዚያ የሆነውን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ደርግ መጣ፣ ፋብሪካዎች ተወረሱ፣ ስፖርቱ እንደ አዲስ ተዋቀረ። የድሮ ክለቦች ስማቸውንም አደረጃጀታቸውንም አጡ። ጊዮርጊስን የመሰለ ክለብ እንኳ በስሙ መጫወት ያልቻለበት ዘመን ነው። ልዩነቱ ጊዮርጊስ ስሙን የሚመልስለት ደጋፊ ነበረው። የኮተን ስም ግን ከፋብሪካው ጋር የታሰረ ነበር፤ ፋብሪካው ሲደክም አብሮት ደከመ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሐውልት አልጠይቅም። ሐውልት ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ኮሚቴ አበል ይፈልጋል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የምለምነው በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይቀረጹ። በ1957 ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ቫሳሎ ራሱ በ2015 መግቢያ ላይ በሰው አገር አርፏል። ቀረጻው ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር አይደለም። አንድ ካሜራና ታሪክ የሚወድ አንድ ጠያቂ ይበቃል፤ ድሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ተማሪዎቹን ማሰማራት ይቻላል። ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ደጋፊውንም ይጠይቁ፣ ማሽን ላይ ቆመው ውጤት ይጠብቁ የነበሩትን እናቶችም።

ፎቶና ሰነዱም አለ። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ቤተሰቦች አምጥተው በኮፒ እንዲያስቀሩ አስተዳደሩ ይጥራ። ዋናውን አትውሰዱባቸው፣ እባካችሁ። «ለኤግዚቢሽን» ተብሎ ሄዶ ያልተመለሰ ፎቶ ያለው ሰው ሁለተኛ በሩን አይከፍትም። ከፋብሪካው መዛግብት ቡድኑን የሚመለከተውም ተለይቶ ደህና ቦታ ይቀመጥ።

የተሰበሰበው ደግሞ ስታዲየሙ ውስጥ አንድ ግድግዳ ይሰጠው። ይህ ሜዳ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያን፣ ዛየርን፣ ሱዳንንና በኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ሞሮኮን አስተናግዷል። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ እዚህ ሲካሄድ ከየከተማው እንግዳ ይመጣል። በር ላይ ሲገባ የኮተንን ስምና የአክራውን ውጤት ቢያነብ ምን ይጎዳል? 3 ለ 1 መሸነፉም ይጻፍ፣ ምንም አይደበቅ።

መልስዎን በደብዳቤ አልጠብቅም። የቀረጻው ቀን ሲቆረጥ በድሬ ሬዲዮ ይነገርልን። ሽማግሌዎቹን በባጃጅ ማመላለሱን የየሰፈሩ ልጆች እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሬ ልጅ