ካርታ ሰብሳቢ ሥዕል ብቻ አይቶ አይገዛም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በኪክስታርተር (ሰው አስቀድሞ ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ) መዋጮ ስለሚታተሙ የመጫወቻ ካርታዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው «ሰብሳቢ የሚፈልገው የሚያምር ሥዕል ነው» ብለው መደምደማቸው ግን አልዋጠልኝም። ሲያትል ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነኝ፤ ሌሊቱን የምገፋው ካርታ እየበወዝኩ ነው። ቤቴ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ፓኮ አለኝ፣ አብዛኛው አልተከፈተም። ባለቤቴ «የማይጫወቱበት ካርታ ምን ይባላል?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ማን እንደሚያትመው ነው። ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባይስክል የተባለውን ካርታ የሚያትመው፣ ዛሬ የቤልጂጉ ካርታሙንዲ የገዛው የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ ወረቀቱን እጄ ያውቀዋል። ፊቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች አየር ስለሚይዙ ካርታው አይጣበቅም፤ ሲበውዙትም ሲያድሉትም እሽ ይላል። ቀጥሎ ኪንጉን፣ ኩዊኗንና ጃኩን አያለሁ። ብዙ ሠዓሊ ጀርባውን አሳምሮ ፊቱን ከተለመደው ካርታ ይገለብጣል፤ ካልሲ ቀይሮ «አዲስ ልብስ ለበስኩ» እንደ ማለት ነው። ከመጠን በላይ የተራቀቀም አለ፦ እጄ ላይ ዘርግቼው ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ካልታየኝ ምን ያደርግልኛል? የታተመው ጥቂት ሆኖ ማሸጊያው ላይ ተራ ቁጥር ካለበት ግን ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለእጄ፣ አንዱ ለመደርደሪያው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ሠሪውን ነው። ዕቁብ ስንገባ ዋስ እንጠራለን፤ እዚህ ዋስ የለም። ኪክስታርተር የተጠየቀው ገንዘብ ካልሞላ አያስከፍልም፤ ከሞላ በኋላ ግን ጉዳዩ በአንተና በሠሪው መካከል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. «አሳይለም» ለተባለ ካርታ 810 ሰዎች 25,146 ዶላር አዋጡ። ካርታው በቀጠሮው አልመጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. የዚሁ የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ሠሪውን ከሰሰ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ተከሳሹ 54,851 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከዚህ ውስጥ ለ31 የግዛታችን ነዋሪዎች እንዲመለስ የታዘዘው 668 ዶላር ነበር፤ ሌላው ቅጣትና የክስ ወጪ ነው።

እኔም 38 ዶላር ከፍዬ ሦስት ዓመት ጠብቄው ያልመጣ ካርታ አለ። ከዚያ ወዲህ ሠሪው ከዚህ በፊት ስንት ካርታ አሳትሞ ስንቱን በሰዓቱ እንዳደረሰ ሳላይ ዶላር አላወጣም። ባለቤቴ ግን ከሁሉም የምትወደው ያንን ያልመጣውን ነው፤ ቦታ አይዝም ትላለች።

አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል