ለማርች 17ቱ የቺካጎ ምሽት፦ ለባንዱ አባላት

ሰላም ለሁላችሁም፤

በዚህ ምሽት የምናጅበው ጨፋሪዎችን ስለሆነ ከሁሉ በፊት ፍጥነታችንን እንጠብቅ። ሪሎቹን (ፈጣኖቹን የአየርላንድ የጭፈራ ዜማዎች) በደቂቃ 110 ምት እንጫወታለን፣ በአንድ መስፈሪያ (ባር) ሁለት ምት እየቆጠርን። እያንዳንዱ ዜማ 32 መስፈሪያ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደግመን ወደሚቀጥለው እንሻገራለን። ሦስቱ ዜማዎች ተያይዘው 5 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይፈጃሉ። የሚበላሸው መሻገሪያው ላይ ነው፦ አዲሱ ዜማ ሲገባ ሞቅ ይለንና 120 እንደርሳለን፣ የጨፋሪዎቹ እግርም ይደናቀፋል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ሊሻገር 4 መስፈሪያ ሲቀረው ቀና ይላል፤ ያኔ ሁላችሁም እሱን እዩ።

ጊታርና ቡዙኪ (አንገቱ ረጅም የሆነ ባለ ክር መሣሪያ) በአንድ ዜማ ላይ አብረው ኮርድ አይምቱ፤ ተራ ግቡ። ጊታሩ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ተብሎ ይቃኝ። ብዙዎቹ ዜማዎች ተራ ሜጀር ወይም ማይነር ስላልሆኑ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ (ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገውን) መተው ይሻላል፤ ካስገባችሁት ከዜማው ጋር ይጋጫል። ባንጆ እንደ ቫዮሊኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ።

አዲስ ክር የምትቀይሩ ከሦስት ቀን በፊት ቀይሩ፤ አዲስ ክር እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳል። የአዳራሹ ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ የቫዮሊን መቃኛ እንጨቶች ይኮማተሩና ይላላሉ። እባካችሁ መሣሪያ ከማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጡ፤ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና አዳራሹን ከለመደ በኋላ ቃኙት።